ወተቱ ይቆይ

ሰው ሁሉ ምላሰኛ ነች ይለኛል። አልተሳሳቱም። ልጆቼ ከእኔ ጋር መድኃኒት ቤት መግባት ያፍራሉ፤ መድኃኒት የሚሰጠውን ልጅ ሦስቴ ሳላስደግመው ስለማልወጣ ነው። በምን ነው የሚዋጠው? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ስንት ቀን? ብንረሳውስ? ልጁ ይሰለቻል፣ ከኋላዬ የቆመው ሰው ያጉረመርማል። ያጉረምርማ! እኔ በሕይወቴ መናገር እየቻልኩ ዝም ያልኩት አንዴ ነው፤ ያኔም ባሌን ልገድለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ሆሳዕና ከተማ። ካገባሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው የራሱ አይደለም፤ መሃል ከተማ ትልቅ ሱቅ ያለው የአንድ ጉራጌ ነጋዴ ነው። እህልና ቆዳ ጭኖ በሾኔ በኩል ይወርዳል፣ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ይመለሳል። የዚያን ጊዜውን መንገድ የዛሬ ሰው አያውቀውም። በክረምት መኪና ሄደ ከተባለ ሰው ገፍቶት ነው።

በዚያ ክረምት ፎንቆ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ገባና ሁለት ቀን ሙሉ ዝናቡ ላዩ ላይ እየወረደ ሲቆፍርና ሲገፋ ሰነበተ። ቤት ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። "ብርድ ነው፣ ያልፋል" አለኝ። ወንድ መሆኑ ነው እንግዲህ! በማግሥቱ ጎኑን ይዞ መቀመጥ አቃተው። እንደ እሳት ይፋጃል፣ ሲያስል ዓይኑ ይገለበጣል፣ የሚተፋው አክታ የዛገ ቆርቆሮ ያጠበ ውሃ ይመስላል።  በዚያ ዘመን በዚህ በሽታ ስንት ጎልማሳ ሰው በሳምንት ውስጥ ሲሸኝ አይቻለሁ። የሃያ ዓመት ሴት ነኝ፤ ባሌን ደግሞ እወደዋለሁ፤ ያኔ እንዲህ ብሎ መናገር ነውር ነበር፣ ዛሬ ግን ማን ይከለክለኛል።

አማቴ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። በእኛ በሀድያ ምራት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ አይደለም፤ ስማቸው የሚጀምርበትን ድምፅ የያዘ ቃል እንኳ ትሸሻለች፣ በምትኩ ሌላ ቃል ትፈልጋለች። እኔም ከሠርጌ ማግሥት ጀምሮ ስንቱን ነገር ዞሬ ዞሬ ነበር የማወራው። እንዲህ በየቃሉ እየተጠነቀቀ የሚያወራ ሰው "አይሆንም" የሚል ቃል ከየት ያመጣል? ክፉ ሴት አልነበሩም፤ አንድ ቀን እንኳ እጃቸውን አላነሱብኝም። ግን ገበያ ላይ አፌ የማይከደነው እኔ፣ እሳቸው ፊት ስቀርብ ድምፄ ይጠፋ ነበር። "እሺ እናቴ፣ አዎ እናቴ" ነበር ንግግሬ ሁሉ።

ጎረቤቶች ደግፈውልኝ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እዚያ የነበረው ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱ ማለቴ ነው፣ ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ ቋንቋችንን አይሰማም፣ በአማርኛ ነው የምንግባባው። ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል፤ እሱም "ዶክተር አይደለሁም" ማለት ሰልችቶት ትቶታል። ማዳመጫውን ባሌ ጀርባ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። "የሳንባ ምች ነው" አለና መርፌ ማዘጋጀት ጀመረ።

"ምንድን ነው እሱ ዶክተር?" አልኩት።

"ፔኒሲሊን።"

"ቆይ! እንዳይነካው!" ብዬ ጮህኩ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባሌ ሾኔ በነበረበት ጊዜ እግሩን ብረት ቆርጦት ያንኑ መርፌ ወግተውት ነበር፤ ወዲያው ከንፈሩ አበጠ፣ ገላው ተንደበደበ፣ ትንፋሽ አጠረው። ራሱ ነው የነገረኝ። ያን ቀን ግን በትኩሳት ነፍሱን ስለማያውቅ ሊናገር አልቻለም። ድሬሰሩ መርፌውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። "ይህን ባትነግሪኝ ኖሮ…" አለና ቀሪውን ዋጠው። እኔም በምላሴ ኮራሁ። ኩራቴ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቆየም።

በመርፌው ፋንታ ከትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ የሆነ ካፕሱል ቆጥሮ በወረቀት ጠቀለለልኝ። ቴትራሳይክሊን ይባላል አለኝ። ሃያ ስምንት ፍሬ። ከዚያ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠኝ።

"አሁን ስሚኝ። በየስድስት ሰዓቱ አንድ፤ በቀን አራት፣ ለሰባት ቀን። ቢሻለውም እስኪያልቅ ድረስ አታቋርጪ። ቀና ብሎ ተቀምጦ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጠው፤ ውጦ ወዲያው አይተኛ፣ ጉሮሮው ላይ ከቀረ ያቆስለዋል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን። ገላውን ካሳከከው ወይም ካበጠ አቁሚና ሮጠሽ ነይ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ። ደግሞ በወተት አይደለም፣ በውሃ ነው። ወተትና አይብ መድኃኒቱ ከሚወሰድበት ሰዓት ይራቁ።"

እኔ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ። እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ፣ ሁሉም ገብቶኛል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ አልሰማሁም ነበር ብዬ ራሴን ማታለል አልችልም።

ቤታችን ሰዓት የለም፣ ሶላት ግን አለ። አንዷን ፍሬ ከንጋቱ ሱብሂ ጋር፣ አንዷን ከቀትሩ ዙህር ጋር፣ አንዷን ከምሽቱ መግሪብ ጋር አደረግኋት፤ ተመልከቱ፣ ልክ ስድስት ስድስት ሰዓት ነው የሚመጣው። የቸገረችኝ የሌሊቷ ነበረች። የመኪናው ባለቤት ነጋዴ ሊጠይቀው ሲመጣ ይህንኑ ብነግረው ከሱቁ የምትደውል ሰዓት ላከልኝ። ሰውየው ክርስቲያን ነው። "በእናንተ ሶላትና በእኔ ሰዓት ተይዞ ካልዳነ እንግዲህ ሾፌሬ ራሱ ሰንፏል ማለት ነው" ብሎ ቀለደ። ባሌ ሊስቅ ሲል ጎኑ ወጋውና ፊቱን አዞረ።

ጣጣው ያለው ወተቱ ላይ ነው። በእኛ አገር የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ዘመድ ከሞርሲቶ ሳይቀር መጣ። አንዷ ጮጮዋን ወተት ሞልታ፣ አንዷ አይብ ይዛ፣ አንዷ በቅቤ የራሰ ቡላ ተሸክማ ትገባለች። ያመጣችውም ሴት ታማሚው ሁለት ሦስቴ ሳይጎነጭላት ከመቀመጫዋ አትነሳም። ካልተጎነጨላት ወተቷን ንቋል፣ ላሟንም ንቋል፣ ነገሩ ዓመት ይወራል። የሚያቀምሱት ደግሞ አማቴ ናቸው። ሚስት ውሃ ታቀርባለች፣ ገላ ታብሳለች፤ ወተቱን ግን በእጇ የምታጠጣው እናት ናት።

የመጀመሪያዋን ፍሬ እንደተነገረኝ ሰጠሁት። ደግፌ አስቀመጥኩት፣ ውሃውን ሙሉ ብርጭቆ አስጨረስኩት። አልሐምዱሊላህ ሳልል አማቴ ዋንጫቸውን ይዘው ቀረቡ።

"ያ ባዕድ ነገር አንጀቱን እንዳይልጠው በዚህ ያለስልሰው" አሉ።

"እናቴ፣ ዶክተሩ…" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም አስተያየታቸው፣ ዝም ብለው ነው ያዩኝ። "ምን አለ ዶክተሩ?"

"ምንም፣ እናቴ።"

ምንም! ያኔ ምላሴ በተቆረጠ! ጤና ጣቢያ ውስጥ እንደ ዕብድ የጮህኩት ሴት ቤቴ ውስጥ "ምንም" ብዬ ቁጭ አልኩ። ልጃቸው ወተቱን ጠጣ፤ እሳቸው አገጩን ጠረጉለት፤ እኔ ብርጭቆውን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላማ ራሴን መደለል ቀጠልኩ። ውሃውን አስቀድሜያለሁ፣ ወተቱ የመጣው በኋላ ነው፣ ምን ያደርጋል እላለሁ። ወተት ደግሞ መቼ ነው ሰው ገድሎ የሚያውቀው? እኛ በወተት ያደግን ሰዎች ነን፤ አራስ የሚጠናው በወተትና በቅቤ ነው፣ እንግዳ የሚከበረው በወተት ነው። ይኸው እንዲህ እያልኩ ሱብሂ ላይ ፍሬዋን እሰጣለሁ፣ አማቴ ዋንጫውን ያስከትላሉ። ዙህር ላይ እሰጣለሁ፣ አንዷ ጠያቂ ከነጮጮዋ ትገባለች። ሦስት ቀን እንዲህ ሄደ። አንዲት ፍሬ እንኳ አላሳለፍኩም። ከሰዓቷም ዝንፍ ብላ አታውቅም።

ባሌ ግን እየባሰበት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሲተነፍስ የአፍንጫው ቀዳዳ ይርገበገባል፤ ስጠራው የሚመልስልኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጎማው ያወራል። ጠያቂዎቹ ሹክሹክታ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ የሞት ጊዜ ሰው የሚያወራውን ዓይነት ወሬ ለአማቴ ሲያወሩ ሰማሁ፤ አገር ቤት ወስደን በዘመዶቹ መሃል ይሁን፣ ይህ የከተማ ፍሬ አልጠቀመውም አሉ። አማቴ ወተት ይዘው ወደ ልጃቸው ገቡ።

እኔ እግሬ አውጪኝ ብዬ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነጠላዬን መንገድ ላይ እንደጣልኩ ያወቅሁት ስመለስ ነው።

ድሬሰሩ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። "በምንድን ነው የምትሰጪው?"

"በውሃ።"

"ከዚያስ?"

ዝም አልኩ። ወንበሩን ሳበልኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ጮጮውን፣ ጠያቂዎቹን፣ አማቴን፣ "ምንም" ያልኩትን። እንባዬ ይወርዳል፣ እኔ አወራለሁ።

"ወተቱ መድኃኒቱን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል" አለኝ። "አስሮ ያስቀረዋል፣ ወደ ደም አያሳልፈውም። እንደገባ ይወጣል። ሦስት ቀን ሙሉ መድኃኒቱን የወሰደው ባልሽ ሳይሆን ሽንት ቤታችሁ ነው።"

ደሜ ፈላ። በእሱ አይደለም፣ በራሴ ነው። እሱ አሥራ ሁለት ፍሬ ጨመረልኝና ከዛሬ እንደ አዲስ ሰባት ቀን ቁጠሪ አለኝ። ያለፈውን ላካክስ ብለሽ ሁለት በአንዴ እንዳትሰጪ፣ አንዷ ብትረሳ እንኳ ባስታወስሽ ጊዜ ስጪ፣ ሌላዋ ልትደርስ ከሆነ ግን ያለፈችውን ተያት አለኝ። በሩ ላይ ደርሼ ሳለ ጠራኝ። "በሁለት ቀን ውስጥ ትንፋሹ ካልቀለለ መኪና ፈልጋችሁ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዱት። እኔ ዘንድ ሌላ ነገር የለም።"

መንገዱን ሁሉ ልናገረው ያሰብኩትን ስደረድር መጣሁ። እናቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ ልበል? ዶክተሩ ዛሬ ነው የነገረኝ ብዬ ልዋሽ? ቤት ስደርስ ዙህር ተቃርቧል። ሁለት ሴቶች ለጥየቃ መጥተው ተቀምጠዋል። አማቴ የልጃቸውን ራስ በክንዳቸው ደግፈው ዋንጫውን ወደ ከንፈሩ እያስጠጉ ነው።

ያሰብኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ሄጄ እጄን ዋንጫው አፍ ላይ ከደንኩት።

"ውይ በሞትኩት!" አለች አንዷ ሴት። እውነቷን ነው፤ ምራት የአማቷን እጅ ስትከለክል በዓይኗ አይታ አታውቅም። እኔም አይቼ አላውቅም። ወተቱ በጣቶቼ መሃል ይፈሳል።

"እናቴ፣ ወተቱ መድኃኒቱን እየያዘው ነው" አልኩ። "ወደ ደሙ አልገባም። ሦስት ቀን ሙሉ አልገባም። ፍሬዋን ከዋጠ በኋላ ሁለት ሰዓት፣ ከመዋጡም በፊት እንዲሁ፣ ወተትም አይብም አፉ ላይ አይድረስ። በውሃ ብቻ ነው። ይማቱኝ ከፈለጉ፣ ያባርሩኝ፤ ወተቱን ግን አይስጡት።"

አማቴ አላዩኝም። የሚያዩት ልጃቸውን ነው። ትንፋሹን ሲስብ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።  ከዚያ ዋንጫውን ከእጄ ሥር ቀስ ብለው አወጡና መሬት ላይ አስቀመጡት። ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

"ወተቱ ይቆይ" አሉ።

 ሴቶቹ ተያዩ፤ ጮጮዋቸውን አንስተው ወጡ። እኔ ውሃ ቀድቼ መጣሁ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አማቴ በሩ ላይ ተተከሉ። በርጩማቸውን ደፉ ላይ አድርገው ተቀመጡና የሚመጣውን ጮጮ ሁሉ ከሴቶቹ እጅ እየተቀበሉ ጓዳ አስቀመጡ። "ጊዜው ሲደርስ እኔው አጠጣዋለሁ፤ አንቺ ግቢና አላህ አፊያ ያድርግህ በይው፣ ዱዓሽ ይበቃዋል" ይላሉ። የከፋው ሰው ነበር። አንዲት የባላቸው ዘመድ "የእኔ ወተት ነው የሚገድለው?" ብላ አኩርፋ እስከ መንገዱ ድረስ እየጮኸች ሄደች። እሳቸው ወይ ፍንክች! ፀሐይ በወጣች ቀን የአጥሩ ጥላ የት ሲደርስ ወተት እንደሚፈቀድ መሬቱ ላይ በዱላቸው ጭረው ምልክት አደረጉ፤ በደመናው ቀን በየደቂቃው "ያቺ የሱቅ ሰዓት ምን አለች?" እያሉ ይጠይቁኛል። ባሌ ወተት የተፈቀደለት ከሱብሂዋ ፍሬ በኋላ ረፋዱ ላይ ነው፤ እሱንም ለክተው፣ ከዙህር በፊት በቂ ጊዜ እንዲቀር አድርገው።

ከእኔ ጋር ግን አያወሩም ነበር። "ውሃውን አምጪ"፣ "ሰዓቱ ደረሰ" ከማለት በቀር ቃል የለም። በልቤ ጠልተውኛል አልኩ። ይጥሉኝ፣ ብቻ እሱ ይዳን አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ ባሌን ላብ አጠመቀው። ሸሚዙን ቀየርኩለት፣ እንደገና ረጠበ። ድሬሰሩ የሰጠኝ የሁለት ቀን ቀጠሮ ስለሞላ ለነጋዴው መኪናውን ያሰናዳልን ብዬ ልኬበት ነበር። ሲነጋ ሱብሂን ሰግጄ ፍሬዋን ይዤ ስገባ ባሌ ዓይኑን ከፍቶ ጣሪያውን ያያል። ትንፋሹን አዳመጥኩ። ረጅም ነበር፤ ገባ፣ ወጣ፣ ማንም እንደማያባርረው ሰው።

"ራበኝ" አለ።

"አትበላም!" አልኩት። "መጀመሪያ ይቺን በውሃ ትውጣለህ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ትቆያለህ!" ከሞት አፍ ለተመለሰ ባሌ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። እሱ ሳቀ። ጎኑን ይዞ ነው የሳቀው፣ ግን ሳቀ። እኔ ብርጭቆውን አስቀምጬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አማቴ በሩ ላይ ሆነው ድምፁን ሰሙ፤ አልገቡም፣ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ብዙ ጊዜ ተቀመጡ።

ሰው ሲሻለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በአምስተኛው ቀን ተነስቶ ግቢ ውስጥ መዞር ጀመረ። "ድኛለሁ፣ ይህን ነገር ከዚህ በላይ ለምን እውጣለሁ? ሆዴንም እየነፋኝ ነው" ይለኛል። በዚያው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባው ሾፌር ሊጠይቀው መጣ። ቅልጥሙ ላይ ያመረቀዘ ቁስል አለበት፤ ወዲያው ዓይኑ ፍሬዎቹ ላይ አረፈ። ሁለት ብትሰጡኝ ፈልቅቄ ዱቄቷን ቁስሌ ላይ እበትናታለሁ፣ ሌላ ጊዜም ሠርታልኛለች አለ። ይህ ያኔ የሁሉ ሰው ዘዴ ነበር። የባሌን ደግነት ደግሞ አታውቁትም፤ ሸሚዙን አውልቆ የሚሰጥ ሰው ነው። "ስጪው እንጂ፣ እኔ ምን ያደርግልኛል" አለ።

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት አማቴ ከኋላዬ ቀደሙኝ።

"አንዲትም አትሰጥም" አሉ። በሕይወታቸው ለሰው ነገር ሲከለክሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። "ልጄ፣ እግርህ ካመመህ ያ ዶክተር የተባለው ልጅ አለልህ፣ ሂድና አሳየው፤ ለእግር የሚሆነውን ይሰጥሃል። ይህ ተቆጥሮ የተሰጠው ለዚህ ለሳንባው ነው። አንተም" አሉት ወደ ባሌ ዞረው፣ "ቆጥሮ የሰጠህ ሰው ቆጥሮ ያውቃል። ዋጥ!"

ሰውየው እያነከሰ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ቁስሉም ታጥቦ ታሰረለት። ባሌም እያጉረመረመ ዋጠ። ቀሪውን ለሌላ ጊዜ እናስቀምጥ ቢል እኔም ተራዬን ተነሳሁበት፤ ያ መድኃኒት ሲያረጅ ኩላሊት እንደሚጎዳ ድሬሰሩ ነግሮኛል። ሁለት ሴት ሆነን ያዝነው፣ የት ያመልጣል።

የመጨረሻዋን ፍሬ በዋጠ በማግሥቱ ረፋድ ላይ መኪናውን ሊያይ ወደ ነጋዴው ሄደ። ራሱ በእግሩ። እኔ አንሶላ አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣለሁ። አማቴ ከበርጩማቸው ጠሩኝ፤ "ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ" አሉ። አሁን መጣ አልኩ። የዚያን ቀን እጄን ዋንጫቸው ላይ የከደንኩበት ዋጋ አሁን መጣ። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

"አንቺ ተምረሻል" አሉኝ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳታባብይኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

"እሺ እናቴ።"

"ከዚህ ልጅ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። ሰምተሽ ይሆናል። ሰባት ዓመቱ ነበር። ይኸው ነው የያዘው፤ ውጋቱ፣ ትኩሳቱ፣ ያ ትንፋሽ። እኔ ወተት አጠጣሁት። ጠዋትም ማታም። ላሟ በነጠፈች ጊዜ ከጎረቤት እየለመንኩ አጠጣሁት።" እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አዩት። "ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ?"

ያን ሁሉ ቀን በሩ ላይ ተተክለው፣ ዝም ብለው፣ ይህን ነበር የተሸከሙት። እኔ ደግሞ ጠልተውኛል እላለሁ። 

"አይደለም እናቴ" አልኩ። "አይደለም! ወተት ራሱ አይጎዳም፤ የሚይዘው ይህን መድኃኒት ነው። ያኔ መድኃኒቱ የት ነበር? በአገሩ አልነበረም። ወተቱ የሚከለክለው ነገር አልነበረም። ለልጅዎ የደረሰለት አንድ ነገር ቢኖር የእርስዎ ወተት ነው።" ከዚያ ማቆም አልቻልኩም። "ጥፋተኛ ከተባለማ እኔ ነኝ። ዶክተሩ በመጀመሪያው ቀን ነግሮኝ ነበር፤ በወተት አይደለም ብሎኝ ነበር። ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት። ሦስት ቀን እያየሁ ዝም አልኩ።"

"ፈርተሽኝ?"

"አዎ።"

 ይመቱኛል ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። እጃቸው ራሴ ላይ አረፈ፤ አልመታኝም፣ እዚያው ተቀመጠ።

"ሁለተኛ እንዳትፈሪኝ" አሉ። "ልጄን የሚያህል ነገር ይዘሽ ሁለተኛ እንዳትፈሪኝ።"

ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ወደ አጥሩ እያዩ፣ "ይጠጣልኝ ነበር እኮ" አሉ። "ሌላ ነገር ሁሉ እንቢ ሲል፣ እስከ መጨረሻው ቀን ወተቱን ከእጄ ይጠጣልኝ ነበር።"